የዓባይ ምንጭ በሩበንስ ሥዕል ውስጥ፤ ስለ በረከት አምሳል የቀረበ ሂስ

በአምሳል የሚናገር ሥዕል ከቅኔ ጋር ዝምድና አለው። ላይኛው መልኩ ዐይንን ይማርካል፤ ውስጠኛው ምሥጢሩ ግን ተመራምሮ ለሚያየው እንጂ በችኮላ ለሚያልፈው አይገለጥም። በጎጃም ምድር፣ ይልቁንም በደብረ ወርቅና በአካባቢዋ፣ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ማየት ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ትምህርት ስለሆነ፣ የአውሮፓ ሠዓልያን በአማልክት ተረት አስመስለው የሠሩት ሥዕል ለአገራችን ተማሪ ፈጽሞ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። ከዚህም የተነሣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ታላቅ የባሮክ ዘመን ሥዕል መርጠን፣ የተፈጥሮንና የሀብትን ሙላት በምን በምን አምሳል እንዳቀረበ ለመመርመር፣ ቀጥሎም በእኛ ሚዛን መዝነን የሚመሰገንበትንና የሚነቀፍበትን ለይተን ለማሳየት አስበናል። ይህን ሥዕል ከሌሎቹ አስቀድመን የመረጥንበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ በመካከሉ የተቀመጠው የእኛው ዓባይ ነውና።

ሥዕሉን የሠራው ፒተር ፖል ሩበንስ የተባለው የፍላንደርስ ሰው ነው። ሩበንስ በ1577 ተወልዶ በ1640 ያረፈ፣ በዘመኑ በነገሥታትና በመሳፍንት ዘንድ እጅግ የተከበረ ሠዓሊ ነበር። ይህን ሥዕል የሠራው በ1615 ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የሚገኘው በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና፣ በሥነ ጥበብ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ወርዱም ከ2 ሜትር ተኩል የሚያልፍ ሰፊ ሸራ ነው። ሥዕሉ የሚጠራው በሁለት ስም ነው፤ አንዳንዶች «አራቱ ክፍለ ዓለማት» ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ «አራቱ የገነት ወንዞች» ይሉታል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ ወደ ፊት እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ አቈጣጠር መሆኑን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ባሮክ የተባለው የሥነ ጥበብ ስልት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮማ ተጀምሮ በ17ኛው መቶ ዓመት በመላው አውሮፓ የተስፋፋ ነው። የዚህ ስልት ሠዓልያን ጸጥ ብሎ የቆመውን ነገር አይወዱም። ሰውነት ሲጠማዘዝ፣ ጨርቅ ሲውለበለብ፣ ብርሃን ከጥላ ጋር ሲታገል፣ ሥጋም ደምም በሙላት ሲታይ ማሳየት ደስ ይላቸዋል። ስለሆነም የሀብትና የልምላሜ ነገር ለባሮክ ሠዓሊ የተፈጠረ ርእስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንግባ። በወንዝ ዳር፣ እንደ ድንኳን በተወጠረ ሰፊ መጋረጃ ሥር፣ ጢማቸው የተንዠረገገ ጡንቻማ የሆኑ አራት ወንዶች ተቀምጠዋል። ከያንዳንዳቸውም ጋር አንዲት ሴት አለች። ወንዶቹ ወንዞች ናቸው። ከእግራቸው ሥር አንዲት ነብር መሰል አውሬ፣ ይኸውም በእስያ ምድር የምትገኘው ታይገር፣ ግልገሎቿን እያጠባች በፊቷ በተጋደመው አዞ ላይ ጥርሷን ታፋጫለች። ከአዞው አጠገብ ራቁታቸውን ያሉ ሕፃናት ያለ አንዳች ፍርሃት ከአውሬው ጋር ይጫወታሉ። በመካከል ደግሞ መልኳ ጥቁር የሆነ፣ ጌጥ ያጌጠች አንዲት ሴት ከናይል ወንዝ አጠገብ ተቀምጣ ዐይኗን ወደ ተመልካቹ አቅንታለች። ሰሙ ይህ ነው።

ስለ ሰዎቹ ዕራቁትነት አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ፣ በተለይ ለመምህራን አስቸጋሪ ይሆንባቸዋል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን አማልክቶቻቸውን ዕራቁታቸውን አድርገው መቅረጽ ልማዳቸው ነበር። የባሮክ ሠዓልያንም ያንን ልማድ ወርሰው፣ ልብስ የሰው ሥራ ስለሆነ ተፈጥሮን ያለ ልብስ ማሳየት ተገቢ ነው ይሉ ነበር። በእኛ አገር ሥዕል ይህ የተለመደ አይደለም። ልማዱን ባንወድደውም እንኳ ምን ለማለት እንደታሰበበት ማወቅ ግን የአንባቢ ግዴታ ነው። በዚህ ሥዕል ዕራቁትነት ማለት ገና በሰው እጅ ያልተለወጠ፣ ከምንጩ እንደ ወጣ ያለ ተፈጥሮ ማለት ነው።

ወንዝን በሰው አምሳል መሳል ከየት መጣ? የግሪክ ተረት እንደሚለው ወንዞች ሁሉ የየራሳቸው አምላክ ነበራቸው። ይህም አምላክ ውሃ ከሚፈስስበት ማድጋ ላይ ተደግፎ እንደ ተጋደመ ሽማግሌ ይቀረጽ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አኬሎዎስ የተባለው ነው። ሮማዊው ባለ ቅኔ ኦቪድ እንደ ተረከው፣ አኬሎዎስ በሬ መስሎ ከጀግናው ከሄርኩሌስ ጋር ሲታገል አንዱ ቀንዱ ተሰበረበት፤ የውሃ ልጃገረዶችም የተሰበረውን ቀንድ አንሥተው ፍሬና አበባ ሞሉበት። አውሮፓውያን እስከ ዛሬ የሀብት ምልክት አድርገው የሚስሉት፣ ፍሬ የሚፈስስበት ቀንድ አንደኛው ምንጩ ይህ ተረት ነው። ሌላው ተረት ደግሞ ዜውስን በሕፃንነቱ ያጠባችው የፍየል ቀንድ ነው ይላል። በቀንድ ዋንጫ ጠጅ ለሚጠጣበት፣ ዘይትም በቀንድ ይዞ ንጉሥ ለሚቀባበት አገር ሰው፣ ቀንድ የሙላት ዕቃ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ በተረቱ ውስጥ ሀብት የተገኘው ከወንዝ ቁስል መሆኑ ነው። ቀንዱ ባይሰበር ኖሮ ፍሬው ባልተሞላበት ነበር።

ሩበንስ ከ1600 እስከ 1608 በኢጣልያ ተቀምጦ የሮማን ጥንታዊ ቅርጻ ቅርጾች እየተመለከተ ተምሯል። ከእነዚህም መካከል በ1513 በሮማ ከተማ ተቆፍሮ የወጣውና ዛሬ በቫቲካን የሚገኘው የናይል ሐውልት አለ። በሐውልቱ ላይ ናይል እንደ ሽማግሌ ተጋድሞ፣ የሙላት ቀንድና የእህል ዛላ ይዞ ይታያል፤ በሰውነቱም ላይ 16 ትንንሽ ሕፃናት ይንጠላጠላሉ። የሕፃናቱ ቍጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የናይል ውሃ በግብፅ 16 ክንድ ከፍ ያለበት ዓመት የጥጋብ ዓመት ነበርና ነው። በሩበንስ ሥዕል ከአዞው ጋር የሚጫወቱትን ሕፃናት ያየ ሰው ይህን ጥንታዊ ሐውልት ማስታወሱ አይቀርም። ክንዱ ሕፃን ሆነ፤ የውሃው ከፍታም ጨዋታ ሆነ። ጥጋብ ማለት ልጆች ከአዞ ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ነው እንደ ማለት ነው።

ነገር ግን ሩበንስ ይህን ሁሉ ሙላት የሣለው ከሙላት መካከል ተቀምጦ እንዳልነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማው አንትወርፕ በ16ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ ታላላቅ የንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች። በ1585 በጦርነት ከተያዘች በኋላ ግን የሼልት ወንዝ በጠላት ስለተዘጋባት መርከቦች መግባት አቆሙ፤ ነጋዴውም ባለ እጁም ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። በ1609 ለ12 ዓመት የሚቆይ የጦርነት ዕረፍት ተፈረመ። ሥዕሉ የተሠራው በዚህ ዕረፍት መካከል ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሊቃውንት ሥዕሉን፣ ወንዟ ተከፍቶ የዓለም ሀብት እንደ ገና እንዲገባላት የምትመኝ ከተማ ጸሎት ነው ብለው ተርጕመውታል። ይህን ትርጓሜ እኛም እንቀበላለን። የሀብትን ሥዕል አጥብቆ የሚሥል የጠገበ ሰው አይደለም፤ ጥጋብን አይቶ ያጣ ሰው ነው። ግልገሎቿን እያጠባች ጥርሷን የምታፋጨው አውሬም ይህንኑ ትነግረናለች። ወተቱ አለ፤ ነገር ግን ያለ ጥበቃ የሚጠባ ወተት የለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ስሙ ጥያቄ እንመለስ። ሥዕሉ «አራቱ ክፍለ ዓለማት» ከተባለ፣ ሴቶቹ አውሮፓ፣ እስያ፣ አፍሪቃና አሜሪካ ናቸው፤ ወንዶቹም ዳኑብ፣ ጋንጅስ፣ ናይልና በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ላ ፕላታ ናቸው። በዚህ ንባብ ጥቁሯ ሴት አፍሪቃ ትሆናለች፤ ሥራዋም ክፍለ ዓለሟን ወክላ መቀመጥ ብቻ ይሆናል። «አራቱ የገነት ወንዞች» ከተባለ ደግሞ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የተጻፉት ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ይታሰባሉ። ግዮን የኢትዮጵያን ምድር የሚከብብ ወንዝ መሆኑ በዚያው ተጽፏል። የእኛ ሊቃውንትም ግዮንን ከጥንት ጀምሮ ዓባይ ነው ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። በእውነትም ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ እንደ መቀነት ዞሮ ሲሄድ ለተመለከተ ሰው፣ «ይከብባል» የሚለው ቃል ስለ ሌላ አገር የተጻፈ አይመስለውም።

በለንደን የዋርበርግ ተቋም የነበሩት የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ኤልሳቤጥ ማክግራት ግን ሦስተኛ ንባብ አቅርበዋል። እንደ እርሳቸው አተረጓጐም ሴቶቹ ምንጮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወንዝ ከራሱ ምንጭ ጋር ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ንባብ ከተወሰደ ጥቁሯ ሴት በኢትዮጵያ ምድር የምትገኘው የናይል ምንጭ ናት። እኛም ሥዕሉን ደጋግመን ከመረመርን በኋላ የተሻለው ንባብ ይህ ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም ወንዝና ክፍለ ዓለም ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዝምድናቸው የጎረቤት ዝምድና ነው፤ ወንዝና ምንጭ ግን አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር አይችልም። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የቅርበትና የመተቃቀፍ ስሜት በጉርብትና ብቻ የሚተረጐም አይደለም። ከዚያም በላይ፣ የሴቲቱ ዐይን ወደ እኛ መመልከቱ በዚህ ንባብ ብቻ ሙሉ ትርጕም ያገኛል። በሥዕሉ ዘመን የናይል ምንጭ ለአውሮፓ ሰው የተሰወረ ምሥጢር ነበር፤ ሠዓሊው ግን የተሰወረችውን ምንጭ ፊቷን ገልጦ፣ «እናንተ ባታዩኝም እኔ አያችኋለሁ» የምትል አድርጎ አስቀመጣት። ወርቁ ይህ ነው እንላለን።

ስለዚህ መሰወር ነገር ጥቂት እንጨምር። ኦቪድ በሌላ ተረቱ፣ የፀሐይ ልጅ የሆነው ፋኤቶን የአባቱን ሠረገላ መንዳት አቅቶት ምድርን ባቃጠለ ጊዜ፣ ናይል ፈርቶ ወደ ዓለም ዳርቻ ሸሸና ራሱን ሸሸገ ይላል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ይህን ተረት ሲቀባበሉ ኖሩ። ሩበንስ ሥዕሉን ከሠራ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1618፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓንያ ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ በዐይኑ አይቶ ጻፈ። እንደዚህም ሆኖ፣ ቤርኒኒ የተባለው የኢጣልያ ቀራጺ በ1651 በሮማ በናቮና አደባባይ የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ ላይ ናይል ፊቱን በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀርጿል። ምንጩ ከታየ 33 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ መሸፈኛው አልተነሣለትም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ፣ ከአውሮፓውያን በፊት የቀደመኝ የለም ብሎ ፓኤዝን ለማስተባበል ደከመ። የሰከላ ሰው ግን ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ከዚያው ምንጭ ጠበሉን ሲጠጣ ነበር። የተሸሸገው ምንጩ ሳይሆን የተመልካቹ ዐይን ነበር ማለት ነው።

ሩበንስን ከቤርኒኒ ጋር ስናስተያይ፣ ሠዓሊው ከቀራጺው ይልቅ እውነትን እንደ ቀረበ እንፈርዳለን። ቤርኒኒ አለማወቅን በጨርቅ ገለጠው፤ ሥራው ብልሃት አለበት፤ ነገር ግን ምንጩን ከሥዕሉ አወጣት። ሩበንስ ምንጩን ሳያያት፣ አገሯንም ሳይረግጥ፣ ሰጪ ከሌለ ስጦታ እንደማይኖር አስቦ ከተቀባዩ ጎን አስቀመጣት። የበረከትን ሥዕል ከሌላው ጌጠኛ ሥዕል የሚለየው ይህ ይመስለናል። ፍሬውን፣ እህሉንና ወተቱን ማብዛት ቀለም ያለው ሁሉ ይችላል። የሰጪውን ፊት ማሳየት ግን አስተዋይ ሠዓሊን ይጠይቃል። የበረከት ሥዕልም መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

በዚሁ ሚዛን የራሳችንን ሥዕል ብንመዝን ምን እናገኛለን? የባሮክ ዘመን ከጎጃም ጋር የተገናኘው በወሬ ብቻ አልነበረም። ከደብረ ወርቅ ብዙም ሳይርቅ በመርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት እንደ ገና ሕንፃ አሠርተው ነበር። በፍርስራሹ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ እስከ ዛሬ ይታያል። እንደዚሁም በ1591 በሮማ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ወደ አገራችን ደርሰው፣ የ17ኛው መቶ ዓመት ሠዓልያን እነዚያን እያዩ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው መልክ ሥለዋል። ስለዚህ ሠዓልያኖቻችን የአውሮፓን ሥዕል ሳያውቁ የቀሩ አይደሉም። አይተው የሚስማማቸውን ወሰዱ፤ የማይስማማቸውን ተዉ። ከተዉት አንዱ የዛፉና የሥጋው ብዛት ነው። በአብያተ ክርስቲያናቶቻችን ግድግዳ ላይ መሬቱ ብዙ ጊዜ አንድ ጥርጊያ ቀለም ነው፤ ዛፉም ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሣላል።

ይህን አይቶ በሥዕላችን ተፈጥሮና በረከት የሉም የሚል ሰው ቢኖር፣ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት በብዙ ስፍራ የሚታዩትን ሁለት ሥዕሎች እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። አንደኛው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ነው። ጻድቁ እጃቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች እንደ ቤት ከብት ይከቧቸዋል፤ የተጠማችም ወፍ ከዐይናቸው እንባ ትጠጣለች። በሩበንስ ሥዕል አውሬዎቹ ይፋጠጣሉ፤ በእኛው ሥዕል ግን ከጻድቁ ጸሎት የተነሣ ተስማምተው ይኖራሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሩበንስ ተፈጥሮ የምትሰጠውን ያህል የምትነጥቅ መሆኗን አይቷል፤ የእኛ ሠዓሊ ደግሞ ሰው ራሱን ሲገዛ ተፈጥሮም እንደምትገዛለት አስተምሯል። የወፊቱ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ማድጋም ቀንድም በሌለበት ዱር ውስጥ፣ አንዲት የእንባ ጠብታ ምንጭ ሆና ሌላውን ፍጥረት ታረካለች።

ሁለተኛው የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። 78 ሰው የበላ ሰው፣ ለአንድ ለተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም ጥሪኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድ ጊዜ ኀጢአቱ በአንዱ ወገን፣ ውሃው በሌላው ወገን በሚዛን ተቀመጠ፤ ውሃውም መዘነ። ሠዓልያኖቻችን ይህን ሲሥሉ ውሃውን አያበዙትም፤ ታሪኩም ያንሳል እንጂ በዝቷል አይልም። ሩበንስ አራት ታላላቅ ወንዞችን በአንድ ሸራ ሰበሰበ፤ የእኛው ሠዓሊ ጥሪኝ ውሃ በሚዛን ላይ አስቀመጠ። የትኛው የበረከት ሥዕል ነው ብንባል፣ ሁለተኛው ጥልቅ ነው ብለን እንመሰክራለን። ይህን የምንለው የእኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስጦታውም፣ ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ የስጦታው ዋጋም በአንድነት ስለሚታዩበት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። ሮማውያን የሀብትን አምሳል የሚጠሩበት ስም ብዛት ማለት ነው። እኛ ግን ብዛትን፣ ጥጋብንና በረከትን ለይተን እንናገራለን። ብዙ እህል በጎተራ ኖሮት በረከት የሌለው ቤት አለ፤ ጥቂት እህል ይዞ ለእንግዳ የሚተርፍ ቤትም አለ። በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ ገበሬውን የሚመርቀው እህሉ እንዲበረክትለት እንጂ ክምሩ እንዲያምርለት አይደለም። የሩበንስ ሥዕል ብዛትን በሚያስደንቅ ኀይል ያሳያል፤ ወደ በረከትም የሚቀርበው በጥቁሯ ሴት ፊት በኩል ነው። ያችን ፊት ከሥዕሉ ብናወጣት የሚቀረው የሥጋና የውሃ ክምር ነው።

ሕዝባችንም ያለ ቀለምና ያለ ሸራ ዓባይን በሰው አምሳል ሥሎታል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሙሉ ሥዕል ነው። ሩበንስ ናይልን ተጋድሞ የሚያርፍ ባለጠጋ አድርጎ ሣለው፤ እኛ ግን ቤት ሳይኖረው የቤት ግንድ ተሸክሞ የሚንከራተት መንገደኛ አድርገን ሣልነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውም ሌላው ሥዕል ነው። ሁለቱ አመለካከቶች የተለያዩት ሠዓልያኑ የቆሙበት ስፍራ ስለተለያየ ነው። ናይልን ከታች ሆኖ ያየ ሰው ሲደርስ ያየዋል፤ ዓባይን ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ግን ሲሄድ ያየዋል። የሩበንስ ሥዕል የተሣለው ከታች ከሚያዩት ወገን ሆኖ ነው፤ ሮማም አንትወርፕም እንደ ግብፅ የመድረሻ አገሮች ነበሩና።

የሥዕሉን ዋና ጕድለት የምናገኘውም እዚሁ ላይ ነው። ምንጯ በሥዕሉ ውስጥ አለች፤ የከፈለችው ዋጋ ግን የለም። ኦቪድ የሙላት ቀንድ ከወንዝ ቁስል እንደ ተገኘ አልሸሸገም ነበር፤ ሩበንስ ግን ቁስሉን ሳያሳይ ሙላቱን ብቻ አሳየ። በእውነቱ ግን ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋዎች ነው። ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዓባይ ነው። ዓባይም ባዶውን አይሄድም። በክረምት ከጮቄ ተራራ የሚነሡት እንደ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ያሉት ወንዞች ደፍርሰው ሲወርዱ ያየ የደብረ ወርቅም ሆነ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ ያ ቀይ ውሃ የማን እርሻ እንደሆነ ያውቃል። በ1970 የአስዋን ታላቅ ግድብ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የግብፅን ማሳ በየዓመቱ ሲያዳብር የኖረው ይህ አፈር ነው። በቫቲካኑ ሐውልት ላይ ናይል የያዘው የእህል ዛላ የበቀለው በጎጃምና በሌሎቹ ደጋዎቻችን አፈር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በሩበንስ ሥዕል ሞፈርና ቀንበር የለም፤ ገበሬም የለም፤ የሚሸረሸር ተራራም የለም። ይህ በሩበንስ ብቻ የሚፈረድ አይደለም። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ገበሬውን የምናገኘው በጥቂቱ ነው። ነገር ግን የእኛ ሠዓሊ በጥሪኝ ውሃው የስጦታን ዋጋ ስለመዘነ፣ ለተማሪው የጎደለውን ራሱ እንዲሞላ መንገድ ትቶለታል። የሩበንስ ሥዕል ግን እጅግ ሙሉ ስለሆነ የጎደለውን ለማየት ከሥዕሉ ውጭ መቆምን ይጠይቃል። ደብረ ወርቅ ኮረብታ ላይ መቆም ለዚህ የተመቸ ነው።

ይህ ሂስ ስለ አንድ የ17ኛው መቶ ዓመት ሸራ ብቻ የተጻፈ ጨዋታ እንዳይመስል፣ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን እንግለጥ። አምሳል የሕዝብን አስተሳሰብ ይመራል። አውሮፓውያን ናይል ራሱን ሸሽጓል የሚለውን ተረት ተቀብለው በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ምንጩም የምንጩም ሰዎች በሒሳብ ሳይገቡ ቀርተዋል። እኛም በበኩላችን ዓባይ ከሃዲ መንገደኛ ነው እያልን ስንተርት፣ እርሱ ያሻግራል ብለን ያማንበትን አፈር ከተራራው ላይ የለቀቅነው እኛው መሆናችንን ዘንግተናል። በመጋቢት 2003 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ሲመረቅ፣ ማደሪያ የለውም የተባለው ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል፤ የጥንቱም ተረት ተለውጧል። ተረቱ የተለወጠው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ግንዱ አሁንም ይሄዳል፤ አፈሩም ከግንዱ ጋር ይሄዳል፤ ወደ ሩቅ አገር መሄዱ ቢቀር ወደ ራሳችን ግድብ ሆድ ይገባል። ተራራው ዛፍ ካልለበሰ፣ እርከኑም በየዓመቱ ካልታደሰ፣ የበረከት ምንጭ የተባለችው ሴት ጌጧን አንድ በአንድ እያወለቀች የምትሰጥ ትሆናለች።

ስለሆነም መምህራን ይህን ሥዕልና ይህን የመሰሉትን ለተማሪዎች ሲያሳዩ፣ የአውሮፓ ሰው ስለሠራው ብቻ የሚሰገድለት፣ ወይም ባዕድ ስለሆነ ብቻ የሚጣል አድርገው እንዳያቀርቡት እናሳስባለን። ተማሪው በመጀመሪያ የሚታየውን በትክክል ይቍጠር፤ ቀጥሎ አምሳሉ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ፤ በመጨረሻም በራሱ አገር ምሳሌ ይመዝነው። ቅኔ ቤት የዋለ ልጅ ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ ሊሠራው ይችላል። ሰሙን ሳይንቅ ወርቁን መፈለግ ለምዷልና። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚገኙት የራሳችን ሥዕሎችም በዚሁ ጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ለጌጥ ተሰቅለዋል፣ ለመሳለም ተቀምጠዋል ከማለት አልፈን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ አውሬና ስለ እህል ምን እንዳሰቡ ብንጠይቃቸው ብዙ የሚመልሱልን ነገር አላቸው።

ሩበንስ ያላያትን ምንጭ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በመሣሉ ምስጋና ይገባዋል። ሴቲቱ ግን ከ400 ዓመት በላይ የተመለከተችው የቪየናን ጎብኚ ብቻ አይደለም። ከምንጩ አጠገብ የሚኖረውንም ትመለከታለች፤ ከእርሱ የምትጠብቀውም ጥሪኝ ውሃ ሰጥቶ ያተረፈውን ሰው አብነት ተከትሎ፣ ከተቀበለው ላይ ጥቂቱን ለተራራው እንዲመልስ ነው።